ያረፈ ሰው ይቆጥራል

ጥርስ ሐኪሙ ማረፍ አይሆንላቸውም ነበር። መንፋቱስ ግድ የለም፤ ጉንጫቸው ኳስ አክሎ፣ ዓይናቸው ፈጦ፣ ላብ በላብ ሆነው እንደምንም ይነፉታል። ጭንቁ ዝም በሚባልበት ቦታ ላይ ነው። አክስቴ እጇን ዘርግታ «እዚህ ላይ ያርፋሉ፣ ዶክተር» ስትላቸው እሺ ብለው ሳክስፎኑን ከአፋቸው ያወጣሉ። ከዚያ መሀረብ ፍለጋ ኪሳቸው ይገባሉ፣ መነጽራቸውን ይወለውላሉ፣ እኔን ከፒያኖው ሥር አይተው ይጠቅሱኛል። ድንገት ትዝ ሲላቸው ደግሞ ዘው! ይላሉ፤ ወይ ቀድመው ወይ ረፍዶባቸው።

«ዶክተር!» ትላለች አክስቴ ጭኗን በጥፊ መትታ። «ማረፍ ማለት መሄድ ነው ያለዎት ማነው? ያረፈ ሰው አልሄደም። እዚሁ ነው። ዝም ብሎ ይቆጥራል፤ ቦታው ሲደርስ ይገባል። ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰሙም?»

«መስማቱን ሰምቻለሁ። ግን ዝም ስል ሰው ሁሉ የረሳኝ ይመስለኛል።»

«የሚረሱንስ እርስዎ ነዎት! በሉ ይቁጠሩ። አንድ-ሁለት-ሦስት-አራት፣ ሁለት-ሁለት-ሦስት-አራት፣ ሦስት-ሁለት-ሦስት-አራት...»

እኔ ከፒያኖው ሥር ዳቦ ይዤ ተቀምጫለሁ። ይህን ስሰማ ዳቦው ከእጄ ወደቀ ብላችሁ ውሸት ይሆናል፤ እኔ ዳቦ አልጥልም። ማላመጡን ግን ተውኩት። ምክንያቱም አባቴ አርፎ ነበር።

እንደዚያ ያለችኝ እናቴ ናት። ጎረቤት ቤት ሰንብቼ ስመለስ ቤታችን ጥቁር በለበሰ ሰው ተሞልቶ አገኘሁት። እናቴ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣኝ፣ ፀጉሬን እየደባበሰች፣ «አባትሽ አርፏል፣ የኔ ልጅ» አለችኝ። ሞተ የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣ አላት። ዛሬ አልፈርድባትም፤ እኔም ለልጆቼ ስንቱን ነገር አለስልሼ ነግሬያለሁ። ግን የባስ ተጫዋች ሚስት ሆና፣ በእኛ ቤት ያ ቃል ሌላ ሥራ እንዳለው እንዴት ረሳችው እላለሁ።

ያን ከሰዓት ታዲያ ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታየኝ። አባቴ ባንድ ውስጥ ባስ ይጫወታል። አርፏል። ያረፈ ሰው ይቆጥራል፤ ቦታው ሲደርስ ይገባል። በቃ ይኸው ነው! ያ ሁሉ ትልቅ ሰው ሲያለቅስ የሰነበተው ሙዚቃ ስለማያውቅ ነው ብዬ ከልቤ አዘንኩላቸው። አክስቴ እንኳን፣ አውቃ ነው መሰለኝ፣ አንዲት ዘለላ እንባ አላፈሰሰችም። እንዲያውም እሷ አለማልቀሷ ዋናው ማስረጃዬ ነበር።

አክስቴን ላስተዋውቃችሁ። የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ወፍራም ነው፤ በታችኛው ከንፈሯ ላይ ሳክስፎን አፍ ላይ የምትታሰረው ሪድ የምትባል ቀጭን ሸምበቆ ያጠነከረችው ቆዳ አለ። እኔን ቁንጣሪ ትለኛለች፤ ከጨው ቁንጣሪ አልበልጥም ነበርና። ልጅ አልወለደችም። «አንቺ ሴትዮ፣ መቼ ነው የምትወልጂው?» ብሎ ለሚነዘንዛት መልሷ ዝግጁ ነው፤ «ሰው ቢበዛ በዓመት አንዴ ይወልዳል፤ እኔ በየቀኑ ነኝ። ጠዋት አምጣለሁ፣ ከሰዓት አጠባለሁ፣ ማታ እድራለሁ።»

እውነቷን ነው። ጠዋት ጠዋት ማእድ ቤት ጠረጴዛ ላይ እርሳስ ይዛ ዜማ ትደርሳለች፤ ያን ሰዓት ቤቱ ቢቃጠል እንኳን ቀስ ብሎ ነው የሚነገራት። ከሰዓት ከመንገድ በኩል ባለው ክፍል ታስተምራለች። ማታ ባንዱ በሚጫወትበት ሆቴል ከነአባቴ ጋር ሆና ያማጠችውን አሳምራ ለሰው ትድራለች። «ከሦስቱ አንዱ ከቀረ ሌሎቹም ይደርቃሉ» ትል ነበር። «ዜማ ካልደረስኩ የምነፋው የሰው ነው። ካልነፋሁ የምደርሰው ወረቀት ብቻ ነው። ካላስተማርኩ ደግሞ ሁለቱንም ለምን እንደምሠራ ይጠፋኛል።»

አባቴ ካረፈ ወዲህ ግን ማጥባቱ ብቻ ተረፈ። ማእድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሽንኩርት ተከመረበት። ወደ ሆቴሉ መሄድ ተወች። ከሰዓት ከሰዓት ተማሪዎቿን ትቀበላለች፤ ራሷ ግን ሳክስፎኗን ከቦርሳው አታወጣም፤ በእጇና በአፏ ብቻ ነው የምታስተምረው። እኔ «እሷም አርፋለች ማለት ነው» አልኩ በልቤ። እንባዋ እንደ ሌላው ሁሉ ነገሯ ውስጧ ቀጥ ብሎ መቆሙን ማን ይንገረኝ?

የአባቴ ኮንትራባስ፣ ያ ከሰው የሚበልጠው ትልቁ ባስ፣ ማስተማሪያው ክፍል ጥግ ላይ ጨርቁን ለብሶ ቆሟል። ይሄም ሌላ ማስረጃ ሆነልኝ፤ የሚሄድ ሰው ዕቃውን ጥሎ አይሄድማ! እናም መቁጠር ጀመርኩ። አባቴን ላግዘው ብዬ ነው፤ ብቻውን ሲቆጥር ቢሳሳትስ? ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ እቆጥራለሁ፣ ስበላ እቆጥራለሁ፣ ጥርሴን ስፍቅ እቆጥራለሁ። ዛሬ የሒሳብ መምህር ነኝ። ከማን ወረስሽው ሲሉኝ ከአባቴ እላለሁ፤ ሰዎች ይስቃሉ።

አንድ ከሰዓት የባንዱ ፒያኒስት መጣ። ከቁመቱ የተነሣ ሰንበሌጥ ይሉታል፤ በር ሲገባ ጎንበስ፣ ሲቀመጥ እጥፍ ይላል። ጥርስ ሐኪሙ ትምህርታቸውን ጨርሰው ወጥተዋል። እኔ ቦታዬ ላይ ነኝ፤ ጆሮዬን አቁሜያለሁ።

«አዳራሹን አገኘን» አላት። «የሚመጣው ወር፣ እሁድ ከሰዓት። ለወንድምሽ ማስታወሻ ነው፤ አንቺ ሳትኖሪ አይሆንም።»

ማስታወሻ! እንዴት ደስ እንዳለኝ። አባቴ ቁጥሩ ቢጠፋበት እንኳን የሚያስታውሰው ነገር ሊያዘጋጁለት ነው ማለት ነው። ሰንበሌጥን በዚያች ደቂቃ ወደድኩት።

«ባስስ?» አለች አክስቴ።

«አንድ ልጅ አለ። ዕድሜው ገና ነው፤ ጣቱ ግን ወርቅ ነው።»

«አልፈልግም።»

«እህቴ፣ ባስ የሌለው ባንድ መሠረት የሌለው ቤት ማለት ነው።»

«ይፍረሳ!»

«ኧረ ልብ ይስጥሽ!»

«በእሱ ቦታ ሰው አይገባም አልኩህ! ቦታው ይቆያል!»

ሰንበሌጥ እጁን አጨብጭቦ ቀና ሲል እኔ አላስቻለኝም። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል፤ ግን ሁለቱም እንደዚህ ሲጨነቁ ዝም ማለት ነውር መሰለኝ። ከፒያኖው ሥር ብቅ ብዬ «ልጁ አያስፈልግም እኮ» አልኩ። «አባዬ ራሱ ይገባል።»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

«ምን አልሽ፣ ቁንጣሪዬ?»

«አርፏል እንጂ አልሄደም። እየቆጠረ ነው። ቦታው ሲደርስ ይገባል። ለዶክተሩ ስትነግሪያቸው ሰምቻለሁ።» ከዚያ ሰንበሌጥ እንዳይሰማብኝ ተጠግቼ በሹክሹክታ ጠየቅኳት። «አክስቴ፣ ቦታው መቼ ነው የሚደርሰው? መቁጠሩ ደከመኝ።»

ሰንበሌጥ ሲጋራ ልግዛ ብሎ ወጣ። ሲጋራ አጭሶ የማያውቅ ሰው መሆኑን የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። አክስቴ ወለሉ ላይ፣ ከፊቴ፣ ቁጭ አለች። ዓይኖቿ እንደዚያ ትልቅ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። «እኔ ነኝ ያልኩት» አለች ቀስ ብላ፣ ለራሷ ይመስላል። እኔ ቁጥሩ ጠፍቶባት ያፈረች መስሎኝ ጉንጯን ሳምኳት።

«የትኛው ቁጥር ላይ እንዳለ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«ቆይ» አለችኝ። «ቆይ እስቲ፣ ቁንጣሪዬ።»

በማግስቱ ትምህርት አልነበረም፤ እናቴ ወደ ሥራ ስትሄድ ጠዋት አምጥታ ጣለችኝ። ማእድ ቤት ስገባ ሽንኩርቱ ወለል ላይ ነው። አክስቴ እርሳሷን ነክሳ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታለች። አፌን ስከፍት ቀና ሳትል እጇን አነሣች፤ «ዝም በይ፣ እያማጥኩ ነው» አለችኝ። ከደስታዬ ብዛት ሽንኩርቱን ለቅሜ፣ ላጥኩላት።

ከዚያ ነገሩን ሁሉ ላበላሸው ለጥቂት ነበር። እናቴ ፀጉሬን ስትሠራኝ «እማ፣ ለእሁዱ ሰማያዊውን ቀሚሴን አልብሺኝ፤ አባዬ ያን ቀን ይገባል» ብያት ኖሯል። ማበጠሪያው ፀጉሬ ላይ ቀጥ አለ። ምን ማለትሽ ነው አለች፤ ነገርኳት፤ ከእረፍቱ እስከ አቆጣጠሩ አንድም ሳላስቀር ተነተንኩላት። ግማሽ ራሴ ተሠርቶ ግማሹ እንደቆመ እጄን ይዛ እየጎተተች አክስቴ ቤት አደረሰችኝ። እኔን ማስተማሪያው ክፍል ትታ ማእድ ቤቱን ዘጋች። ያ በር ድምፅ አይይዝም፤ ቤቱ ውስጥ ያለን ሁሉ እናውቃለን።

«እትዬ፣ ልጄን ምን አልሻት?»

«እኔ ለዶክተሩ ያልኩትን ነው የሰማችው።»

«ቀሚስ መርጣለች እኮ! አባቷ ይመጣል ብላ ቀሚስ መርጣለች! ሲቀርስ? ያን ቀን ማን ሊያባብላት ነው?»

«አርፏል ያልሻት አንቺ ነሽ።»

«ታዲያ ምን ልበላት! ምን ብዬ ልንገራት!»

ቀጥሎ የአክስቴ ድምፅ መጣ፣ ለስለስ ብሎ። «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሁለታችንም አምልጦናል፣ እህቴ።»

«እንግዲያው ዛሬውኑ ጠርተሽ ንገሪያት።»

«በአፌ ብቻ ከነገርኳት አባቷን ሁለተኛ ነው የምታጣው። እስከ እሁድ ታገሺኝ። አላታልላትም፤ ዓይኗ እያየ ነው የማደርገው። ከዚያ እውነቱን ራሴ እነግራታለሁ። ካልሆነልኝ ሁለተኛ ሳክስፎን አፌ አይገባም፤ ይሄው በወንድሜ!»

«ልጄ ከተሰበረች ዓይንሽን አላይም፣ እትዬ። ከምሬ ነው።»

እኔ በሩ ላይ ተለጥፌ የገባኝ ምን መሰላችሁ? እሁድ ከአባዬ አጠገብ ማን ይቀመጥ ብለው የተጣሉ ነው የመሰለኝ። ለእናቴ ልፈርድላት ወሰንኩ።

ያን ሰሞን ከኋላው ክፍል ድምፅ ይሰማ ጀመር። ዱም። ዝም። ዱም-ዱም። አንዳንዴ ደግሞ ፍርርር ይልና የአክስቴ እርግማን ይከተላል። ወፍራም፣ ከመሬት በታች የሚመጣ ድምፅ ነው፤ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ክፍሉ ተቆልፏል፤ እኔም ለመክፈት አልሞከርኩም። አባቴ እየቀረበ ነው ብዬ፣ ወለሉ ላይ በሆዴ ተኝቼ፣ ጉንጬን ሳንቃው ላይ አድርጌ አዳምጠው ነበር።

እውነቱን የነገሩኝ ጥርስ ሐኪሙ ናቸው፣ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ። አክስቴ ከአንድ የማርሽ ባንድ ባሪቶን ሳክስፎን ተውሳ ነበር፤ ቁመቱ እኔን የሚያክለውን፣ ድምፁ ጉድጓድ የሚገባውን። መንፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተቸገረች። ባስ ግን አይነፋም፤ ጣት ነው ጅማቱን የሚቆነጥጠው። እሷ ደግሞ ያን ቁንጥጫ በምላሷ ልታመጣው ነው የፈለገችው። ምላሷን ሪዱ ላይ ለጥፋ በኃይል ትነቅላለች፤ ጧ ይልና ድምፁ ይወጣል። ቀኑን ሙሉ። ምላሷ ተላጠ። ክሊኒካቸው ሄዳ አፏን ስትከፍት ደንግጠው «አንቺ ሴት፣ ለአንድ ሳምንት አርፈሽ ተቀመጪ!» አሏት።

«እርስዎ ደግሞ ስለ ማረፍ ምን ያውቃሉ?» ብላቸው ወጣች። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ እየሳቁ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር።

እሁድ ደረሰ። ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሻለሁ። ከመድረኩ ፊት ለፊት፣ እናቴ ጎን ተቀመጥኩ፤ እጄን ከመጨበጧ የተነሣ ጣቶቼ ነጡ። መድረኩ ላይ ፒያኖው አለ፣ ድራሙ አለ፣ የአባቴ ኮንትራባስ ጨርቁን አውልቆ ወንበር ተደግፎ ቆሟል። እንጨቱ ያብረቀርቃል። አጠገቡ ማንም የለም። ከመጀመሩ በፊት አክስቴ መጥታ ጎንበስ አለችልኝ። «ሁሉም ዝም ሲል ቁጠሪ። እስከ ስምንት።»

«ስምንት ሲሞላ ይገባል?»

«ታዪዋለሽ» አለችኝ። ከንፈሯ አብጦ ነበር።

ጀመሩ። አክስቴን ስትነፋ ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን አልሰማኋትም። ድምፁ መጀመሪያ ደረቴ ላይ አረፈ፤ ቀጥሎ ከፍ፣ ከፍ፣ ወደ ጣሪያው ሄደ፤ ትንፋሽ የሚባል ነገር የማያልቅባት መሰለኝ። ይህችን አጭር ሴት እኮ ካልሲ ስትጥፍ አይቻታለሁ! ሰንበሌጥ ፒያኖው ላይ ተጣጥፎ ይከተላታል። ከታች ግን ባዶ ነው። ሙዚቃ የማያውቅ ሰው እንኳን ያ ባዶ ይሰማዋል፤ ደረጃ ስንወርድ አንዷ ደረጃ ስትጎድል እግራችን እንደሚደነግጠው ነው። ዜማው በየጊዜው እየተመለሰ ያን ጉድለት በእግሩ ይፈልጋል።

ከዚያ ሁሉም ቀጥ አለ። ፒያኖው አረፈ፣ ድራሙ አረፈ፣ ሳክስፎኑ አረፈ። ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ዋጠ፤ አዳራሹ በሙሉ ከአባቴ ጋር አረፈ። አንድ-ሁለት-ሦስት-አራት። ሁለት-ሁለት-ሦስት-አራት። እንደዚያ ያለ ዝምታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላጋጠመኝም፤ ከነፋችው ሁሉ ይልቅ እሱ ከባድ ነበር። ሰባት-ሁለት-ሦስት-አራት። ስምንት-ሁለት-ሦስት-አራት። አሁን!

ምንም የለም።

እናቴን ቀና ብዬ አየኋት፤ ዓይኗን ጨፍናለች። ቀረ ማለት ነው? የእኔ ቁጥር ነው የተሳሳተው? ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ያኔ ነው፣ ከቦታው ለጥቂት ዘግየት ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ዱም ያለው።

እናቴ አዳራሹ ውስጥ ድምፅ አውጥታ ሳቀች። «ዘገየ!» አለች። «እሱ ነው! አንድ ቀን እንኳን በሰዓቱ ገብቶ አያውቅም!» ሰንበሌጥ ፒያኖው ላይ ራሱን ይነቀንቃል፤ አባቴ ሁልጊዜ ከምቱ ኋላ ቀረት ብሎ የሚገባ ሰው እንደነበረ፣ በዚያም ነገር ስንት ዓመት እንደተጨቃጨቁ እነሱ ያውቃሉ። ባሱ ይሄዳል ግን አይቸኩልም፤ ደረጃችንን ከነዕቃው ሲወጣ እንደሚረግጠው እየረገጠ ይሄዳል። ዱም። ዱም-ዱም። ያ ድምፅ ጀርባዬ ላይ ተሰማኝ፤ ሲለማመድ ኮንትራባሱን ተደግፌ ስቀመጥ በሚሰማኝ በዚያው ቦታ።

ዓይኔን አልጨፈንኩም። አክስቴ ትንሹን ሳክስፎን አስቀምጣ ትልቁን አንገቷ ላይ ስታንጠለጥል፣ ጉልበቷ በክብደቱ ሸብረክ ሲል፣ በየድምፁ ፊቷ ሲጨማደድ አይቻለሁ። ማንም አላታለለኝም። ኮንትራባሱ አጠገብም ሰው አልቆመም። ግን አባቴ ገባ። ሒሳብ የማስተምር ሰው ነኝ፤ ማስረጃ ለሌለው መልስ ለተማሪዎቼ ዜሮ እሰጣለሁ። ይህን ግን ዛሬም ብትጠይቁኝ መልሴ ያው ነው፤ ገባ። ፀጉሬ ቆሞ፣ እግሬ ወለሉን ሳይነካ፣ ሰው የሌለበትን ወንበርና ያችን የምትንገዳገድ ሴት አፈራርቄ እያየሁ፣ ይህ እንዴት ይሆናል እያልኩ ቁጭ ብዬ ነበር።

ሌሎቹ በላዩ ላይ ተመልሰው ገቡ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ሆኑ። ከዚያ ባሱ እየሳሳ እየሳሳ ሄደ፤ አቆመም። ዜማው ያለ እሱ ጥቂት ተራመደና አለቀ።

ሰው ሲያጨበጭብ እኔ በመጋረጃው በኩል ሮጥኩ። አክስቴ የዕቃ ሣጥን ላይ ተቀምጣ መሀረብ አፏ ላይ ይዛለች፤ መሀረቡ ቀልቷል። ስታየኝ አውርዳ ደበቀችው። እናቴ ተከትላኝ መጥታ መጋረጃው ጋ ቆመች።

«አየሽ?» አለችኝ አክስቴ።

«አየሁ። የነፋሽው አንቺ ነሽ።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ግን አባዬ ነው።»

«የእሱ ነው። አካሄዱን አውቀዋለሁ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ከኋላዬ ነው የሚመጣው።» ሁለቱን እጆቼን ያዘች። ምላሷ አልንቀሳቀስ እያላት፣ ቃል በቃል እየለየች ተናገረች። «እሱ ራሱ ግን አይመጣም፣ ቁንጣሪዬ። ዛሬም፣ ሌላ ቀንም። አባትሽ ሞቷል።»

ያን ቃል ሰው አፍ ላይ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። እናቴን አየኋት፤ አይደለም አላለችም። እያለቀሰች ራሷን ወደ ታች ነቀነቀች።

«ታዲያ» አልኩ። «መቁጠሩን ልተወው?»

«ተይው፣ የኔ ልጅ። ብዙ ቆጠርሽለት። ከእንግዲህ ለእኔ ስጪኝ።»

ተውኩት። ሦስት ላይ ነበርኩ፤ አራትን ሳልላት ቀረሁ። ከዚያ ላዬ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ተናደና በሰማያዊ ቀሚሴ አክስቴ ጭን ላይ ወደቅኩ፤ አባዬ፣ አባዬ ብዬ ጮኽኩ። ቀና ብል፣ አባቴ ከሞተ ጀምሮ አንዲት ዘለላ ያልወጣት አክስቴ፣ አፏን ከፍታ እንደ እኔው እንደ ልጅ ታለቅስ ነበር።